ስሙ የተፋቀ ብራና

በጐጃም ምድር አንድ መጽሐፍ ከመነበቡ በፊት በብዙ እጅ ያልፋል። የፍየሉ ወይም የበጉ ቈዳ በውሃ ይነከራል፤ በእንጨት ላይ በገመድ ተወጥሮ ጠጕሩም ሥጋውም ይፋቃል፤ ሲደርቅ በድንጋይ ይለሰልሳል። ጸሐፊው በወስፌ መስመር ያወጣል፤ መቃ ቀርጾ ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፥ ቀዩን ለጌታና ለእመቤታችን ለቅዱሳንም ስም ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ጥራዙ ይሰፋል፤ ገበታ ይገባለታል፤ ቀይ ቈዳ ይለብሳል፤ ደጓሹ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ያትምበታል፤ በመጨረሻም ማኅደር ይሰፋለታል። ይህ ሁሉ ድካም ካለቀ በኋላ ጸሐፊው በኋለኛው ገጽ ላይ ጥቂት መስመር ይጨምራል። መጽሐፉን ያጻፈው ማን እንደ ሆነ በክርስትና ስሙ ይጠራል፤ ለየትኛው ታቦት እንደ ተሰጠ ይናገራል፤ የሰረቀው ወይም የሸጠው ወይም ይህን ቃል የፋቀው ቢገኝ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ያስጠነቅቃል።

በዲማ ጊዮርጊስ ቢሆን፥ በደብረ ወርቅ ማርያም ቢሆን፥ ንግሥት እሌኒ በተከሉት በመርጡለ ማርያምም ቢሆን፥ የመጽሐፍ ቤቱ ሥርዓት ይኸው ነው። የመጽሐፉ ርስት የተጻፈው በዚያች ጥቂት መስመር ላይ ነው። የመሬት ርስት ምስክር አለው፤ ድንበሩን የሚያውቅ ሽማግሌ አለው። የመጽሐፍ ምስክር ግን ራሱ መጽሐፉ ነው። ስለዚህም ብራና ሰርቆ ወደ ሩቅ ገበያ የሚልክ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ምላጭ የሚያሳርፈው በዚያ ገጽ ላይ ነው።

ሩቁ ገበያ ሐራጅ ነው። በሎንዶን፥ በፓሪስ፥ በኒው ዮርክም የብርቅ ዕቃ ሐራጅ የሚያደርጉ ትልልቅ ቤቶች አሉ፤ በየወቅቱም የጥንት ሥዕል፥ ፎቶግራፍ፥ የማስታወቂያ ሥዕል፥ ካርታና ብርቅ መጽሐፍ ይሸጣሉ። ሊሸጥ የታሰበው ሁሉ አስቀድሞ በሚታተም ዝርዝር ውስጥ ቍጥር ተሰጥቶት ይገባል። ርዝመቱና ወርዱ፥ የቅጠሉ ብዛት፥ የሥዕሎቹ ቍጥር፥ የተገመተው ዘመንና የተገመተው ዋጋ ይጻፍለታል። ቀኑ ሲደርስ ሐራጅ ባዩ ከፍ ባለ ስፍራ ቆሞ ዋጋውን ይጠራል፤ ተጫራቾቹ እየተፎካከሩ ይጨምራሉ፤ የሚጨምር ሲጠፋ በመዶሻ ይመታል። መዶሻው ካረፈ በኋላ ዕቃው የአዲሱ ባለቤት ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ዕቃው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ የሚያመለክት ቃል አንዳንድ ጊዜ ይገኛል፤ ነገር ግን ይህ ቃል ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአውሮፓዊው ባለቤት ነው። ከዚያ በፊት በማን ቅዳሴ ላይ እንደ ተነበበ፥ በማን ማኅደር ተንጠልጥሎ እንደ ኖረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ እንደ ተጠረዘ ከሚሸጥ ይልቅ ቅጠል በቅጠል ተገንጥሎ ቢሸጥ ትርፉ ሊበዛ ስለሚችል፥ ጥራዙን ፈትተው የማርያምን ሥዕል ለአንዱ፥ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ለሌላው የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ። እንዲህ ያለው ቅጠል በመስታወት ገብቶ በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል፤ ነገር ግን መጽሐፉ ሞቷል።

ስምን የመፋቅ ነገር በብራና ብቻ የሚቆም አይደለም፤ በካርታም ላይ አለ። ሰብሳቢዎች በሐራጅ ከሚፈልጓቸው የኢትዮጵያ ካርታዎች አንዱ ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በፈረንጅ ቍጥር በ1683 ያወጣው ነው። ዐባይ ከጣና ወጥቶ ጐጃምን እንደ ቀለበት ከቦ የሚሄድበት ሥዕል የአውሮፓን ሰው እጅግ ያስደንቅ ነበር። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ ያወቀውን ያወቀው ፖርቱጋሎች ከጻፉትና ከመካነ ሥላሴው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። ሁለቱ በ1652 በጎታ ከተማ ተገናኝተው ሠርተዋል፤ አባ ጎርጎርዮስም ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። ሉዶልፍ ግን የመምህሩን ስም አልሸሸገም፤ መልካቸውን ሳይቀር በመጽሐፉ ውስጥ አሳትሟል። ይህ ሊመሰገንበት የሚገባ ነው።

ሚስተር ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው ከዚህ ይለያል። በ1763 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1770) ወደ ግሽ ዐባይ ወርዶ ምንጩን ካየ በኋላ፥ ከእርሱ በፊት የደረሰ አውሮፓዊ እንደሌለ ጻፈ። ነገር ግን ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በፊት፥ በ1610 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1618) ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ ሳለ ያንኑ ምንጭ አይቶ ጽፎበት ነበር። ከብሩስ ጋራም ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሠዓሊ አብሮ ነበረ፤ ዕፅዋቱንና አራዊቱን የሣለ እርሱ ነው፤ በጐንደርም ሞቶ ቀረ። ብሩስ በጻፈው ታሪክ ውስጥ የዚህን ሠዓሊ ድካም አደበዘዘው፤ ከምንጩ መድረሱንም ደበቀ። ይህ የብሩስ መጽሐፍ በፈረንጅ ቍጥር በ1790 በኤዲንብራ በ5 ጥራዝ ታትሞ ነበርና ዛሬ በሐራጅ ቤቶች ዘወትር የሚታይ ነው፤ ገዢው ለካርታውና ለሥዕሉ ሲል ይገዛዋል፤ የባሉጋኒን ስም ግን በገበታው ላይ አያገኘውም።

ብሩስ ከጐንደር ይዞ የሄደው የብራና ክምችት በ1843 ወደ ኦክስፎርድ ወደ ቦድሊ ቤተ መጻሕፍት ገባ። ከወሰዳቸው መጻሕፍት መካከል መጽሐፈ ሄኖክ ይገኝበት ነበር። የአውሮፓ ሊቃውንት ይህ መጽሐፍ ጠፍቷል ሲሉ ኖረው ከብሩስ እጅ ሲያዩት እንደ አዲስ ነገር አደነቁት፤ በኢትዮጵያ ግን ሄኖክ ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ ሆኖ ሲነበብና ሲተረጐም የኖረ ነውና ጠፍቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ጐጃም ጌቶች ቤት መመለስ ይገባል። የመጻሕፍቱ ጕዞ ከዚህ ቤት ታሪክ ጋራ እየተያያዘ አራት ትውልድ ሄዷልና።

ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጐጃምን በሚገዙበት ዘመን ዳባዲ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ከፈረንሳይ አገር መጡ። ከ1830 ዓ.ም. ጀምሮ ዐሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ኖሩ። ታናሹ አርኖ በደጃዝማች ጎሹ ቤት ባለሟል ሆኖ ከሠራዊቱ ጋራ ዘመተ፤ ፈረስ ጋለበ፤ እንደ ሀገሩ ሰው ለበሰ። ታላቁ አንቷን ግን መሣሪያ ይዞ ተራራውን እየለካ ካርታ ያነሣ ነበር፤ መጻሕፍትንም ይሰበስባል። የሚሸጥለትን ገዛ፤ የማይሸጠውን በጸሐፊ እጅ አስገለበጠ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በፈረንጅ ቍጥር በ1859 የብራናዎቹን ዝርዝር አሳተመ፤ ቍጥራቸውም 234 ነበር። ይህ ዝርዝር ከሐራጅ ቤት ዝርዝር የሚለየው ዋጋ የሌለበት በመሆኑ ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ መጽሐፍ ውስጥ ምን እንዳለ፥ በዳርቻው ምን እንደ ተጻፈ የሚመረምር የሊቅ ሥራ ነው። መጻሕፍቱ ዛሬ በፓሪስ በመንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ሳይበተኑ አንድ ላይ ይገኛሉ። ዳባዲ መጻሕፍቱን ከአገር ስላወጣ የሚወቅሰው አለ፤ ወቀሳውም ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ አስገልብጦ መውሰድን የመሰለ መልካም ልማድ ከኋላው የመጡት ሁሉ ይዘውት ቢሆን ኖሮ፥ ቀጥሎ የሚነገረው ታሪክ ባልኖረም ነበር።

ደጃዝማች ጎሹ በ1845 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1852) በጕር አምባ ጦርነት ከቋራው ካሣ ጋራ ተዋግተው ሞቱ። ልጃቸው ብሩ ጎሹም ከሁለት ዓመት በኋላ ድል ሆነው ተያዙ። ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላም ብሩ ጎሹ ከእስራት አልተፈቱም፤ በመቅደላ አምባ ላይ በሰንሰለት ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ኖሩ። ይህ የጐጃም መስፍን በዚያ አምባ ላይ ሆነው ያዩት የሰው እስራት ብቻ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ዐስበው፥ ከጐንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍቱን፥ መስቀሉን፥ ጽዋውንና ዘውዱን እያስጫኑ ያስመጡ ነበርና፥ መጻሕፍቱም በዚያው በአምባው ላይ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር፥ እነዚያ መጻሕፍት ከርስታቸው መጀመሪያ የተነቀሉት በኢትዮጵያ ንጉሥ እጅ ነው፤ የጐንደር ካህናትም በዚህ ያዘኑት ኀዘን ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ከታቦት ወደ ታቦት የሄደ መጽሐፍ ገና ከቤተ ክርስቲያን አልወጣም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1868) የእንግሊዝ ሠራዊት በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት መቅደላን ያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጅ ከመስጠት ራሳቸውን መግደል መረጡ። እስረኞቹ ተፈቱ፤ ብሩ ጎሹም ሰንሰለታቸው ወለቀ። በዚያው ሰዓት ወታደሩ ዕቃ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ዘረፈ። ሰውን የፈታችው እጅ መጻሕፍቱን አሰረች።

ከሠራዊቱ ጋራ ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ዘምቶ ነበር፤ መጻሕፍትና ጥንታዊ ዕቃ የሚገዛበት ገንዘብ በእጁ አለ። አንድ ወታደር ይዞት የወጣውን የወርቅ ጽዋና የጳጳሱን ዘውድ በአራት ፓውንድ እንደ ገዛው ተጽፏል። ሠራዊቱም የተዘረፈውን ሁሉ ወደ ደላንታ ሜዳ አስጓዘው፤ የተሸከሙትም 15 ዝሆኖችና ሁለት መቶ የሚጠጉ በቅሎዎች ነበሩ። በዚያ ሜዳ ላይ ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን ሐራጅ ተደረገ።

ያ ሐራጅ ምን እንደ ሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ታትሞ የወጣ ዝርዝር የለም፤ የዋጋ ግምት የለም፤ ባለቤቱ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በወሎ ደጋ ሜዳ ላይ የብር መስቀል፥ ጽዋ፥ ጃንጥላ፥ ምንጣፍ፥ ድንኳንና የብራና መጽሐፍ ተከምሮ ይጠራል፤ መኰንኖቹና ሆልምስ ይጫረታሉ። የአሜሪካ ጋዜጣ ወሬ ጸሐፊ ሄንሪ ስታንሊ በስፍራው ነበርና ያየውን ጽፏል። በሁለቱ ቀን የተሰበሰበው ገንዘብ አምስት ሺህ ፓውንድ ያህል ሆነ፤ ለወታደሩ ሲከፋፈልም ለአንድ ሰው የደረሰው ከአራት ብር ጥቂት ቢበልጥ ነው። በጐንደር ነገሥታት ዘመን ሁሉ የተጻፈው፥ የተሣለውና የተደጐሰው ለአንድ ወታደር አራት ብር ሆነ።

ከመጻሕፍቱ 350 የሚሆኑት ተመርጠው ለብሪቲሽ ሙዚየም ተወሰዱ፤ ስድስት መቶ ያህሉ ደግሞ በመንገድ ላይ በትግራይ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተተዉ። ወደ ሙዚየሙ የገቡትን ዊልያም ራይት የሚባል ሊቅ መርምሮ በ1877 ዝርዝራቸውን አሳተመ፤ በዳርቻቸው ያለውን የባለቤትነት ቃልም አልናቀውም። በሜዳው ላይ በመኰንኖች እጅ የገቡት ግን ወደ የቤታቸው ተበታተኑ። ዛሬ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ አልፎ የልጅ ልጆቻቸው ቤት ሲያጸዱ ከሣጥን ውስጥ የሚያገኙት፥ አግኝተውም ወደ ሐራጅ የሚልኩት ያንኑ ነው።

በዚያ ዘመቻ ጊዜ የእንግሊዝ መሐንዲሶች የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዘው ነበር፤ አለቃቸው ሳጅን ጆን ሃሮልድ ይባላል። ኢትዮጵያን በፎቶግራፍ ካነሡት መጀመሪያዎቹ ከእነዚህ ወገን ናቸው። የልዑል ዓለማየሁንም መልክ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ስመ ጥሩዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አንሥታዋለች። እነዚህ ፎቶግራፎች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ የከበሩ ናቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ ቱሪስት ለመጥራት የታተመው የ13 ወር ጸጋ ማስታወቂያ ሥዕል ሳይቀር ወዳጅ አግኝቷል። ፎቶግራፍና ማስታወቂያ ብዙ ሆነው የሚታተሙ ናቸውና አንዱ ቢሸጥ ሌላው ይቀራል። ብራና ግን ሁለተኛ የለውም።

ከመቅደላ የወጣው ሁሉ ወደ ሙዚየሙ እንዳልገባ የሚያስረዳው የኵርዓተ ርእሱ ነገር ነው። ይህ ሥዕል ጌታ የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት ሲሆን፥ የጐንደር ነገሥታት ሲዘምቱ ከፊታቸው ያስይዙት፥ መኳንንቱም ሲምሉ በፊቱ ይምሉ ነበር። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን በስናር ጦርነት ተማርኮ በገንዘብ ተዋጅቶ ተመልሷል። በ1860 ዓ.ም. ሆልምስ ከዐፄ ቴዎድሮስ ራስጌ አነሣው፤ ለሙዚየሙ ግን አልሰጠም፤ ለራሱ አስቀረው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1872) ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ሲጽፉ ክብረ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍና ይህን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ለመኑ። በእንግሊዝ ተፈለገ፤ አልተገኘም ተባለ። ሆልምስ ግን ያን ጊዜ በዊንድሶር በንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት የመጻሕፍት ቤት ኀላፊ ነበረ። ዝም አለ።

ሥዕሉ በሆልምስ ቤት መኖሩ ከብዙ ዓመት በኋላ ተሰማ፤ በ1905 ፎቶግራፉ በሎንዶን መጽሔት ታተመ። ሆልምስ ከሞተ በኋላ በ1917 በክሪስቲስ ሐራጅ ቤት ተሸጠ። በ1950 በዚያው ቤት እንደ ገና ለሐራጅ ቀረበና አንድ ፖርቱጋላዊ ገዛው። ከዚያ ወዲያ በፖርቱጋል በግል እጅ፥ በባንክ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቈልፎ መኖሩ ታውቋል። አንድ ሥዕል ሁለት ጊዜ በመዶሻ ተመቶ፥ ሁለቱንም ጊዜ በሕግ ተሸጠ፤ ንጉሥ የጠየቀው መሆኑ በዋጋው ላይ ምንም አልቀነሰም።

የብሩ ጎሹ የወንድም ልጅ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጐጃምና የከፋ ንጉሥ ሆኑ። መንቆረር ትባል የነበረችውን ከተማ በቅዱስ ማርቆስ ስም ደብረ ማርቆስ አሰኝተው ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩ እርሳቸው ናቸው። በእርሳቸው ቤት በልጅነታቸው ከሆሮ ጕድሩ ተማርከው የመጡ አንድ ሰው አደጉ፤ እርሳቸውም አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ሠዓሊም ታሪክ ጸሐፊም ሆነው የጐጃምን ትውልድ ከአባት ወደ ልጅ እየቈጠሩ ጻፉ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የመንደሩ፥ የደብሩ፥ የጌታውና የባለ ርስቱ ስም ሳይፋቅ ይገኛል። ሥራቸው በእጅ ጽሑፍ እየተገለበጠ ኖሮ በዘመናችን ለኅትመት በቅቷል። ተገልብጦ ስለ ኖረ ነው የተረፈው፤ አንድ ቅጂ ብቻ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ዕጣው ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ በደብረ ማርቆስ ሲገዙ በ1921 ዓ.ም. ማርሴል ግሪዮል የሚባል ፈረንሳዊ ወደ ጐጃም መጣ። የሀገሩን ልማድ መርምሮ መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያ በኋላ በ1924 ዓ.ም. ብዙ ባልደረቦች አስከትሎ በጐንደር በኩል እንደ ገና መጣ። ያን ጊዜ ከሰበሰባቸው ብራናዎች ሌላ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳቸው አንሥቶ ወሰደ፤ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባለው ሠዓሊም በምትካቸው አዲስ ሥዕል ሣለ። የባልደረባው የሚሼል ሌሪስ የቀን ማስታወሻ በ1934 በፓሪስ ሲታተም የዕቃው አሰባሰብ እንዴት እንደ ነበረ ሳይሸሽግ ተረከው፤ ግሪዮልም በዚህ እንደ ተቈጣ ይታወቃል። አሮጌውን ወስዶ አዲስ መስጠት ለገበሬ በሬ እንደ መለወጥ ያለ ፍትሕ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን አሮጌው ሥዕል ብዙ ትውልድ የሳመው ነው፤ አዲሱ ገና ማንም አልሳመውም።

በቅርቡ ዘመን ሕግ ተሠርቷል። በ1958 ዓ.ም. ስለ ጥንት ቅርስ ጥበቃ ዐዋጅ ወጣ፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ቍጥሩ 209 የሆነው ዐዋጅ ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ከልክሏል። ሕግ ያለ ዘበኛ ግን በር የሌለው አጥር ነው። አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ የወርቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ወጥቶ ከአንድ የቤልጅግ ሰብሳቢ እጅ የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። መስቀሉ የተመለሰበት ምክንያት ግልጽ ነው። ስሙን ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ፎቶግራፉ ነበረ። ስም የሌለውን የገጠር ደብር ዳዊት ማን ይለየዋል?

በመቅደላው ዕቃ ላይም አሳብ መለወጥ ጀምሯል። በ1994 ዓ.ም. የኤዲንብራ ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ካህናት በዕቃ ቤታቸው ያገኙትን ታቦት በፈቃዳቸው መለሱ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዶርሴት ከመቅደላ የተወሰደ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለሐራጅ ቀርበው፥ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ቢቃወም ከሽያጩ ወጡ፤ ሸኽራዛድ የተባለ ማኅበርም ገዝቶ ከሌሎች ዕቃዎች ጋራ አስረከበና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገቡ። በ1916 ሳይሆን በ2016 ዓ.ም. (በፈረንጅ 2024) ደግሞ በኒውካስል አንድ የመቅደላ ጋሻ ሊሸጥ ሲል እንዲሁ ታግዷል፤ ያ ጋሻም በዚያው የፈረንጅ ዓመት ወደ አገሩ ተመለሰ። እነዚህ ሁሉ ሊታገዱ የቻሉት ሻጩ ራሱ መቅደላ የሚለውን ስም በዝርዝሩ ላይ ስለ ጻፈ ነው። ስሙ ዋጋ ያስጨምራል ብሎ ጻፈው፤ ስሙ ግን ዕቃውን ወደ ባለቤቱ መራው።

በውጭ አገር ቢቀመጥ ይሻላል፥ ምስጥና ጭስ አይነካውም የሚሉ የተማሩ ሰዎች አሉ። በቤተ መጻሕፍት ስላለው የሚሉት በከፊል እውነት ነው። የዳባዲን ብራናዎች ዛሬ በደብረ ማርቆስ የተቀመጠ ሰው በኮምፒዩተር አይቶ ሊያነባቸው ይችላል። በሐራጅ ስለሚሸጠው ግን ይህ ክርክር አይሠራም። የሐራጁ መጨረሻ የአንድ ባለጠጋ ቍልፍ ነው፤ ኵርዓተ ርእሱ በባንክ ዕቃ ቤት ከመቀመጡ የተነሣ የተማረበት ተማሪ የለም። ጥፋቱንም ሁሉ በፈረንጅ ላይ መጫን አይገባም። ያለ እርዳታ እጅ የተጫነበት መጽሐፍ የለም፤ ቍልፉን የያዘ ሰው ከውስጥ አለ። ደመወዝ የሌለው ዕቃ ቤት ጠባቂ፥ ልጆቹ የተራቡበት፥ በእጁ የቈየውን ብራና በትንሽ ገንዘብ ለመንገደኛ ነጋዴ ቢሰጥ፥ ኀጢአቱ ኀጢአት ነው፤ ነገር ግን ደብሩን ያለ ቀለብ የተወ ምእመንም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ለመጻሕፍቱ ከሁሉ የበለጠ የጠቀማቸው በፊልም የተነሡበት ሥራ ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት በጣና ገዳማት ያሉትን ብራናዎች በፈረንጅ ቍጥር በ1960ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ዝርዝራቸውን አሳተመ። በ1973 የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋራ የጀመረችው ሥራም ብዙ ሺህ መጻሕፍት በማይክሮፊልም አስቀረ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን እነዚህን በመመርመርና በመዘርዘር አሳለፉ። በፊልም የተነሣ መጽሐፍ የኋለኛው ገጹ ቢፋቅ እንኳ ያልተፋቀው ሥዕሉ ይመሰክርበታል። ለዚህ ሥራ ትልቅ መሣሪያ የግድ አይደለም። የደብሩ ጸሐፊ የመጻሕፍቱን ስም፥ የቅጠላቸውን ቍጥርና በኋለኛው ገጽ ያለውን ቃል በመዝገብ ገልብጦ አንዱን ለሀገረ ስብከቱ ቢልክ፥ በሐራጁ ቀን የሚቀርበው ምስክር ያ መዝገብ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ ከጠየቁት ከሁለቱ አንዱ ግን ተመልሷል። ብሪቲሽ ሙዚየም ከመቅደላ የመጣ የክብረ ነገሥት ሁለት ቅጂ ስለ ነበረው አንዱን ሰደደላቸው። ያ መጽሐፍ ከብዙ ዓመት በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ሳለ፥ ኡግ ለሩ የተባለው ፈረንሳዊ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አይቶ ተርጕሞታል። በቅጠሉ ላይ ሌሎቹ ብራናዎች የሌላቸው አንድ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት አለ፤ ይህ መጽሐፍ በብሪቲሽ ሙዚየም አለቆች ትእዛዝ ለኢትዮጵያ ንጉሥ መመለሱን፥ ቀኑም በፈረንጅ ቍጥር ዲሴምበር 14 ቀን 1872 መሆኑን ይናገራል።